የመጀመሪያዋ ጀሪካን



«ስለ ውሃችን አንድ ነገር ጻፉ» ብላችሁ በቃልም በብጣሽ ወረቀትም ያሳሰባችሁን ብዙዎች ናችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ፈርተን አይደለም፤ የምንጽፈው እርግጠኛ ነገር ስላልነበረን ነው። አሁን ግን ከከተማ ላቦራቶሪ የመጣ አንድ ወረቀት በእጃችን ገብቷል። ወረቀቱን ለማግኘት የሄድንበት መንገድ ረጅም ነበር፤ ስሕተትም ሠርተንበታል። ከመጀመሪያው ብንጀምርላችሁ ይሻላል፤ ሰሞኑን በየሻይ ቤቱ የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የአውሪው ጭማሪ ነውና።

«እኛ» ስንል ይህችን መጽሔት በእጃችን እየገለበጥን ከቤት ወደ ቤት የምናዞረው አራት ሰዎች ማለታችን ነው። ከአራታችን አንዱ በአገር ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነበር። አንዷ የነርስነት ትምህርት ጀምራ በስደት ምክንያት አቋርጣለች። አንዱ ወንጂ ተወልዶ ያደገ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። አራተኛው ይህ ነው የሚባል ሙያ የለውም፤ ጽሕፈቱ ያማረ በመሆኑ ግን ያለ እርሱ መጽሔቷ አትነበብም።

እንደምታስታውሱት ከፋሲካ በፊት ፓምፑ ተበላሽቶ ዘጠኝ ቀን ያህል ውሃ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ እንደ ቱርካና ጎረቤቶቻችን ላጋው ውስጥ አሸዋ እየጫረ ውሃ ሲፈልግ ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን ውሃው ሲመለስ የታችኛው ቦኖ፣ ማለትም ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ቀልቶ ወረደ። አንድ ቀን ይጠራል፣ ሁለት ቀን ይጠራል ብንል አልጠራም። ነጠላ ያጠቡ ሴቶች ነጠላቸው የዛገ መሰለ። በዚያ ውሃ የተፈላ ሻይ ደግሞ ጥቁር ሆነ፤ መጥቆር ስንል መወፈሩ አይደለም፣ ቀለም መሆኑ ነው። አራተኛው ጓደኛችን ብዕሩን ነክሮ ቢሞክረው ጻፈለት! መምህሩ እንደነገረን ይህ ተአምር አይደለም። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ በአውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት የመጻፊያ ቀለም ሲሠራ የኖረው ብረትንና ከዛፍ የሚገኝ ታኒንን በማዋሐድ ነበር። ሰው ግን ይህን ቢሰማም አልተጽናናም። «ሆዴን ቀለም አልሞላውም» ያለችው ባለ ሻይ ቤት አልተሳሳተችም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። የታችኛው ቦኖ ተጠላ። ሰው ሁሉ በኒሟ ዛፍ ሥር ወዳለው ወደ ላይኛው ቦኖ ወጣ። የዚያ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀዳ ያለም አይመስል። ሰልፉ ሁለት እጥፍ ሆነ፤ ጀሪካኖች ከማታ ጀምረው እንደ ሰው ተሰልፈው ማደር ጀመሩ፤ ጠብም ተነሣ። ከሁሉ ቀድማ የምትገኘው የአንድ ሕፃን እናት ነበረች። ስሟን አንጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ጡቷ ስለ ደረቀ ልጇን በዱቄት ወተት የምታሳድግ ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታ በጨለማ ትመጣለች። «ሰው ሳይነካካው፣ ከሁሉ በፊት ንጹሑን እቀዳለሁ» ትል ነበር። ቤቷ ስትደርስም ለረጅም ጊዜ ታንተከትከዋለች። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከአንዲት እናት ማን ይጠብቃል?

እኛ መጠየቅ የጀመርነው ስለ ቀዩ ውሃ ነበር። ስለ ላይኛው አንዳችንም ሐሳብ አልገባንም።

ውሃ የሚመረምረው ወጣት ሳጥኑን አንግቶ በመጣ ጊዜ ከበብነው። ሳጥኗን አይታችኋታል፤ ሁለት ትንንሽ የውሃ መያዣ ያላት፣ በጎኗ የቀለም መጠን የታተመባት ናት። ከቀዩ ቦኖ ቀድቶ አንዲት ነጭ ኪኒን ቢጨምርበት ውሃው ሮዝ ሆነ። «ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለን። ነርሷ ጓደኛችን «ከምን ንጹሕ?» አለችው። ወጣቱ ዝም ብሎ አያት። ቀጥሎ ያለውን ስላልሸሸገ እናመሰግነዋለን። «ይህች ሳጥን የምታውቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ክሎሪን ደርሷል ወይስ አልደረሰም ትላለች። ሌላ ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

ክሎሪኑ ቀላል ነገር አይደለም። የኮሌራንና የተቅማጥን ተሐዋስያን የሚገድልልን እርሱ ነው፤ ሮዝ ቀለም ማየታችን ልጆቻችንን ከሞት አድኗል። ነገር ግን ክሎሪን ብረትን፣ እርሳስን፣ አርሰኒክን ከውሃ አያወጣም። ማፍላትም አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት እየጎደለ ሲሄድ ማዕድኑ ከድስቱ ውስጥ ስለማይወጣ በቀረው ውሃ ላይ ይበረታል።

ወንጂ ያደገው ጓደኛችን በዚህ ጊዜ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አሳየን። ቡናማ ነው። ብዙ ጊዜ በጫት ሲታማ የኖረ ጥርስ ነው፤ ሰውዬው ግን ጫት ቅሞ አያውቅም። «የኛም ጉድጓድ ውሃ ኩልል ያለ ነበር» አለ። በስምጥ ሸለቆ ከመሬት በታች ያለው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በላይ ለብዙ ዓመት የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበላሻል፣ እጅግ ሲበዛ አጥንትም ያጣምማል። በወንጂ ያየው ይህንኑ ነው። ፍሎራይድ ብረት አይደለም፤ ጠባዩ ግን ከነእርሳስ ጋር አንድ ነው፦ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ምላስ አያውቀውም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

መምህሩ ደግሞ የባንግላዴሽን ነገር አነሣ። በዚያ አገር የኩሬና የወንዝ ውሃ ሕፃናትን እየፈጀ ስላስቸገረ ከ1970ዎቹ (ዘመኑን በፈረንጆች ነው የምንቆጥረው) ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠባብ የቧንቧ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥሩ ነበር፣ ኩልል ያለ። በ1992 የእንግሊዝ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከጉድጓዶቹ ውሃ ወስዶ ብዙ ማዕድናትን መረመረ፤ አርሰኒክን ግን አልመረመረም። በተከታዩ ዓመት አርሰኒክ መኖሩ በአገሪቱ ተረጋገጠ። በኋላ በየመንደሩ ተዙሮ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ሲመረመሩ 1.4 ሚሊዮን ያህሉ በባንግላዴሽ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆነው ተገኙና አፋቸው ቀይ ተቀባ፤ ደኅናዎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ከተጎዱት አንዱ ሰው ተቋሙን እስከ እንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ከሰሰ፤ በ2006 ተረታ። ዳኞቹ በአጭሩ ተቋሙ ላልጠየቀው ጥያቄ ለእርሱ ኃላፊነት የለበትም አሉ። ሕጉ እንዲያ ይሆናል፤ እኛ ግን ያን ቀን በጎጇችን ውስጥ ተቀምጠን ስንሰማው ጭንቅላታችንን ይዘን ቀረን።

የሚመለከተውን ቢሮ ጠየቅን። የተሰጠን መልስ «ውሃው በየጊዜው ይመረመራል» የሚል ነበር። ስለ ምን እንደሚመረመር የሚያሳይ ወረቀት ጠየቅን፤ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ አላየንም። ከዚህ በኋላ ነው እናንተ ዘንድ የመጣነው። ሽልንጎቹን ከየብሎኩ ያዋጣችሁ፣ ሻይ ቤት ያላችሁም የአንድ ቀን ትርፋችሁን የሰጣችሁ እናንተ ናችሁና የገንዘባችሁን ሥራ ማወቅ ይገባችኋል።

ላቦራቶሪ ሂሳብ የሚጠይቀው በየማዕድኑ ነው። ለብረት ይህን ያህል፣ ለእርሳስ ይህን ያህል እያለ። ያዋጣችሁት ለሦስት ብቻ በቃ፦ ብረት፣ እርሳስና አርሰኒክ። ፍሎራይድ ቀረ። ወንጂ ያደገው ጓደኛችን አኮረፈን፤ አይፈረድበትም። የእንግሊዞቹን ስም በክፉ ስናነሣ የሰነበትን ሰዎች፣ ገንዘብ ሲያጥረን እኛም የምንጠይቀውን መርጠን ሌላውን ተውነው።

ናሙና ማለት ውሃ መቅዳት ብቻ መስሎን ነበር። መጀመሪያ በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተን ወደ ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ላክን። ላቦራቶሪው አልቀበልም አለ። ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደነበረበት አይታወቅም፤ ደግሞም እርሳስና ብረት ውሃው ሲቆም በዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፉና ከውሃው ይጠፋሉ። ይህን ለመከላከል ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ሁለተኛ ጊዜ ራሳቸው አራት የፕላስቲክ ጠርሙስ ላኩልን፤ በየጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አሲድ ነበረበት። ባለ ጽሕፈቱ ጓደኛችን አንዱን «ቆሻሻ አለበት» ብሎ አለቅልቆ አስቀመጠልን። አራቱ ሦስት ሆኑ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጽሕፈቱን እንጂ ንጽሕናውን አናመሰግነውም።

መምህሩ አጥብቆ ያስጠነቀቀን ግን የሰዓቱን ነገር ነው። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አይመጣም፤ ከቧንቧው፣ ከመጋጠሚያው፣ ከመክፈቻው ነው የሚመጣው። ናስ በሚሠራበት ጊዜ ለመቁረጥና ጥርስ ለማውጣት እንዲመች እርሳስ ይጨመርበታል፤ ዝገትን ለመከላከል የብረት ቧንቧ የሚለበጥበት ዚንክም እርሳስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ውሃው ሌሊቱን በዚያ ውስጥ ተኝቶ ሲያድር ቀስ እያለ ይልሰዋል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ያ ያደረ ውሃ ነው። ትንሽ ከወረደ በኋላ የሚመጣው ሌላ ውሃ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፍሊንት በምትባል ከተማ በ2014 የውሃውን ምንጭ ወደ ወንዙ ሲያዛውሩ ቧንቧ እንዳይበላ የሚጠብቀውን መድኃኒት ሳይጨምሩ ቀሩ፤ እርሳስ ወደ ሕዝቡ ቤት ገባ። ባለ ሥልጣኖቹ ግን ነዋሪው ናሙና ከመቅዳቱ በፊት ማታውኑ ቧንቧውን ለደቂቃዎች ከፍቶ እንዲያፈስ ያዙ ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ ውጤቱ ያንሳል። ሊአን ዋልተርስ የምትባል አንዲት እናት ነገሩን አልቀበልም ብላ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ሕዝቡ ራሱ ናሙና እንዲቀዳ ባታደርግ ኖሮ የወረቀቱ ውሃ ንጹሕ እንደሆነ ይቀር ነበር።

ስለዚህ በላይኛው ቦኖ ሥር አደርን። ማንም እንዳይከፍተው እየተፈራረቅን ጠበቅን። ኮከቡ ገና ሳይጠፋ 10 ሰዓት ላይ ያች የሕፃኑ እናት ጀሪካኗን ይዛ መጣች። «ዛሬ ደግሞ ምን ልትከለክሉኝ ነው?» አለች። የመጀመሪያዋን አንድ ሊትር ብቻ እንድትለቅልን ለመንናት። ተቆጣች። «ሌሊቱን የተነሣሁት ለእርሷ ነው! እናንተ ልጅ የላችሁም እንዴ?» በኋላ ግን እሺ አለች። ጠርሙሳችንን ሞላን። ሁለተኛውን ጠርሙስ ለመሙላት አምስት ደቂቃ መውረድ ነበረበት፤ በዚህ በረሃ አምስት ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ከሰልፉ አንዲት እማማ «ውሃ ልታፈሱ? እግዜር ይይላችሁ!» ብለው ጮኹ። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም፤ በሰልፉ ጀሪካን ውስጥ ሞላናት፤ እማማም የራሳቸውን ሲያገኙ ዝም አሉ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ከቀዩ ቦኖ፣ እንዲሁ ካደረው ውሃ ቀዳን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ መጣ።

አርሰኒክ በሦስቱም የለም፤ ማለትም መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ነው። ቀዩ ውሃ፦ ብረቱ ብዙ ነው፣ ልብስና ምላስ ከሚለዩት ከ0.3 ሚሊግራም በብዙ ያለፈ፤ እርሳስ ግን አልተገኘበትም። የዓለም የጤና ድርጅት ለብረት ከጤና አንጻር ያወጣው ወሰን የለም። ዘጠኝ ቀን ደርቆ የከረመው የብረት ቧንቧ ዝገቱ ተነቅሎ ነው የወረደው። ይህን ውሃ አሳድሮ፣ ሲዘቅጥ በጨርቅ አጥልሎ መጠቀም ይቻላል። ስንሸሸው የከረምነው ይህ ነው።

ኩልል ያለው ውሃ፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተቀዳው ከወሰኑ በታች ነው። ያደረው፣ የመጀመሪያው ሊትር ግን እርሳሱ ከወሰኑ በላይ ነው። ወሰኑ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ መምህሩ በጨው አስልቶ አሳየን፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከጥቂት የገበታ ጨው ቅንጣት የማይበልጥ ክብደት ነው። (በነገራችን ላይ፣ ይህን የምንጽፍበት እርሳስ በስሙ እንጂ እርሳስ የለበትም፤ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። ልጆቻችሁ ጫፉን ቢያኝኩት አትደንግጡ።) ከየትኛው ዕቃ እንደመጣ ወረቀቱ አይናገርም። እኛ የምንጠረጥረው አምና የተሰበረውን መክፈቻ ተክቶ የተገጠመውን አዲሱን የናስ መክፈቻ ነው።

ወረቀቱን አንብበን ስንጨርስ አራታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም ቀድሞ መናገር አልፈለገም። ያን ሌሊት ለምነን የወሰድናት ሊትር የእርሷ ድርሻ ነበረች። ሌላ ሌላውን ሌሊት ሁሉ ያችን ሊትር ይዛት የምትሄደው እርሷ ናት። እርሳስ የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ ምንም አይጎዳም የሚባል መጠን እስከ አሁን አልታወቀም። በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ደግሞ ምግቡ ሁሉ ውሃ ነው።

ማን ይንገራት በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። አንዳችን እንዲያውም «መክፈቻው እስኪቀየር ዝም ብንል» ብሎ ነበር፤ አሁን ያፍርበታል። በመጨረሻ ነርሷና መምህሩ ሄዱ። እናቲቱ ቡና እየቆላች ነበር። ሰማች። «ያፈላሁትስ?» አለች። ማፍላቱ ተሐዋሲ ይገድላል እንጂ እርሳስ አያወጣም አሏት። «ታዲያ ቀዩን ብቀዳ ይሻለኝ ነበር?» አዎን አሏት። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ቀዩ ውሃ ከወረደበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ። ቡናው አረረ። ማንም አላነሣውም።

ቢሮው ወረቀቱን አይቷል። የአንድ ጠዋት ናሙና ብዙ አይናገርም አሉን፤ ይህ እውነት ነው፤ ሌላ ጠዋት ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። መክፈቻው ዕቃ ሲመጣ ይቀየራል ብለዋል። እስከዚያ በላይኛው ቦኖ የሚቀዱ ሰዎች እንዲህ ተስማምተዋል፦ ከየሌሊቱ የመጀመሪያዋ ጀሪካን ለጭቃ ጡብ፣ ለልብስ ወይም ለኒሟ ሥር ትሁን፤ የሚጠጣው ከሁለተኛዋ ይጀምር። ቀን ላይም ቦኖው ለብዙ ሰዓት ተዘግቶ ከቆየ እንዲሁ ይደረግ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አሁን ደግሞ ፊተኛ ለመሆን የሚፈልግ ጠፋ። ትናንትና በሰልፉ «አንተ ቅደም»፣ «የለም አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ሰምተናል፤ በዚህ ካምፕ እንዲህ ያለ ትሕትና አይተን አናውቅም።

የሕፃኑ እናት ግን አሁንም 10 ሰዓት ላይ ትመጣለች። የመጀመሪያዋን ጀሪካን ሞልታ ኒሟ ሥር ታፈስሳለች። ሌሎቹም ዝም ብለው ይጠብቋታል። ስለ ደም ምርመራው ክሊኒኩን ጠይቀናል፤ ደሙ ወደ ከተማ መላክ አለበት፣ ወር ይፈጃል ተብለናል።

ባለፈው እሑድ ልንጠይቃት ሄደን ሕፃኑ ሁለት ጥርስ አብቅሏል። ወንጂ ያደገው ጓደኛችን አቅፎት አፉን ከፈት አድርጎ አየና «ነጭ ናቸው» አለ።

«ታዲያ ይህ ምን ይናገራል?» አለችው።

«ስለ እርሳስ ምንም አይናገርም» አላት፤ ልጁንም መለሰላት።